ቍልፍ ይዞ የገባ ሌባ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ጥበቃ

አንድ ነጋዴ ማታ መጋዘኑን ሲዘጋ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቍልፉን ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ ዘበኛውን አደራ ይላል፤ ወደ ቤቱም ይሄዳል። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ሠላሳ ጆንያ ስኳር ጎድሎ ቢገኝ፣ የተሰበረ ቍልፍ ወይም የተበሳ ግድግዳ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቃው የወጣው በበሩ፣ በቀን፣ ቍልፉን በያዘ ሰው እጅ ነው። ዘበኛውም እጅ ነሥቶ አሳልፎታል። ጉድለቱን የሚያሳውቀው በሩ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ ያውም መዝገቡን በየቀኑ የሚያነብ ሰው ሲኖር ነው።

ይህ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ለንግድ ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነው የኤሌክትሪክ ኃይል በዚሁ ዓይነት ሌባ ሊጠቃ መቻሉ ነው። የኃይል ማመንጫው፣ ማከፋፈያ ጣቢያውና መቆጣጠሪያ ክፍሉ ዛሬ የተያያዙት ኃይሉን በሚያስተላልፈው ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝና መልስ በሚያመላልስ የኮምፒዩተር መረብም ጭምር ነው። ሽቦ የሚቈርጥ ሌባ መሰላል ይዞ ስለሚመጣ ይታያል። በመረቡ የሚገባው ግን መሰላል አያስፈልገውም። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ነጋዴ ቢኖር፣ በዩክሬን አገር የሆነውን ነገር ቢሰማ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 23 ቀን 2015) ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ በተባለው የምዕራብ ዩክሬን ክፍለ ሀገር፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የኃይል አከፋፋዩ ኩባንያ ሠራተኞች በመቆጣጠሪያ ክፍላቸው ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱም አንዱ፣ በፊቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ያለችው ቀስት ማንም ሳይነካት ስትንቀሳቀስ አየ። ቀስቷ ወደ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ የኃይል ማቋረጫ ሄደች፤ ማቋረጫውንም ለቀቀችው። «እርግጠኛ ነህን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣም ራሷ «አዎን» ብላ መለሰች። ሠራተኛው ማውዙን ይዞ ሊያስቆማት ቢታገልም አልታዘዘለትም። ወዲያውም ኮምፒዩተሩ ከሥራው አስወጣው፤ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክር የይለፍ ቃሉ ተለውጦ አገኘው። ከዚያ በኋላ የቀረለት ሥራ፣ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ ቁጭ ብሎ መመልከት ነበር።

በዚያው ሰዓት በኪየቭ አካባቢና በቼርኒቭትሲ ያሉ ሁለት ሌሎች አከፋፋይ ኩባንያዎችም ይኸው ደረሰባቸው። ሠላሳ የሚያህሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ከመሥመር ወጡ፤ ወደ 225,000 የሚሆኑ ደንበኞችም በክረምት ብርድ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ያለ ኃይል ቆዩ። አጥቂዎቹ በዚህም አልተወሰኑም። የደንበኞችን አቤቱታ የሚቀበለውን ስልክ በሐሰተኛ ጥሪ አጨናንቀው፣ መብራት የጠፋበት ሰው እንዳያመለክት አደረጉ። ለመቆጣጠሪያ ክፍሎቹ የተዘጋጀውን መጠባበቂያ ኃይል ሳይቀር አስቀድመው አበላሽተውት ስለ ነበረ፣ መብራት የሚያበሩት ሰዎች ራሳቸው በጨለማ ተቀመጡ። በጣቢያዎቹ የነበሩትንም የትእዛዝ መቀበያ መሣሪያዎች ዳግመኛ እንዳያገለግሉ አድርገው አጠፏቸው።

አገሩን ያዳነው አንድ ያረጀ ነገር ነው። ሠራተኞቹ በመኪና ወደየጣቢያው ሄደው ማቋረጫዎቹን በእጃቸው መለሷቸው። ይህን የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ገና ነበሩ፤ መሣሪያውም በእጅ የሚሠራ ነበር። መብራቱ በዚያው ማታ ተመለሰ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹ ግን ከሁለት ወር በኋላም ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ሥራቸው አልተመለሱም ነበር።

አሁን ጥያቄው እነዚህ ሰዎች እንዴት ገቡ የሚለው ነው። በዚያው በአውሮፓ ዓመት በጸደይ ወራት፣ ለኩባንያዎቹ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ተራ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው። ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘው ጽሑፍ ሲከፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ሠራተኛውም በየዋህነት ይፈቅዳል፤ ያን ጊዜ ሰላዩ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ የሆነው በጽሕፈት ቤቱ መረብ እንጂ ጣቢያዎቹን በሚያዝዘው መረብ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ፋየርዎል የሚሉት መከላከያ ቅጥር ቆሞ ነበር። አጥቂዎቹ ግን ቅጥሩን አላፈረሱም። ከሩቅ ሆነው ለሚሠሩ ሠራተኞች የተሰጠውን ስምና የይለፍ ቃል ሰርቀው፣ ለእነዚያው ሠራተኞች በተሠራው በር ገቡ። ከዚያም ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ በውስጥ ተቀምጠው ጣቢያዎቹን ቈጠሩ፤ የመሣሪያዎቹን ዓይነት አጠኑ፤ ለእያንዳንዱ ኩባንያም ለብቻው የሚሆን ጥፋት አዘጋጁ።

ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ! በአንድ የንግድ ቤት እንግዳ ሰው ያን ያህል ጊዜ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሒሳብ ክፍል ሲመላለስ ቢቆይና «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ቢያጣ፣ ጥፋቱ የቍልፉ ነው ሊባል አይችልም። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን አደጋ መርምረው ጽሑፍ ያወጡት የአሜሪካ ባለሙያዎችም የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም። እንደ እነርሱ አገላለጽ፣ በኩባንያዎቹ ዘንድ የመቆጣጠሪያውን መረብ ዘወትር እየተከታተለና እንግዳ ነገር እየፈለገ የሚመለከት ያለ አይመስልም። ቅጥር ነበር፤ በቅጥሩ ውስጥ ግን ተመልካች አልነበረም።

የሚያሳዝነው፣ የኤሌክትሪክ መሥመር መረብ ለመጠበቅ ከሌሎች መረቦች ሁሉ የሚቀልል መሆኑ ነው። የአንድ ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር መረብ እንደ ገበያ ነው፤ አንዱ የጭነት ዋጋ ይጠይቃል፣ ሌላው የልጁን ፎቶግራፍ ለዘመድ ይልካል፣ ሦስተኛው በምሳ ሰዓት የኳስ ጨዋታ ይመለከታል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ሌባውን መለየት ከባድ ነው። የኃይል መቆጣጠሪያ መረብ ግን እንደ ገዳም ሥርዓት ያለ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ በየጥቂት ሴኮንዱ ለእያንዳንዱ ጣቢያ «ቮልቱ ስንት ነው? ማቋረጫው እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ጣቢያውም ይመልሳል። ቀንም ሌሊትም፣ ሰኞም እሑድም ያው ነው። በትንሣኤ ዋዜማ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ የሚፈጀው ኃይል ከፍ ይላል፤ የጥያቄውና የመልሱ ሥርዓት ግን እንደ ፊተኛው ነው፤ የሚለወጠው በመልሱ ውስጥ ያለው አኃዝ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ የእንግዳ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ የሚሰማ ጆሮ ከተገኘ።

ነገሩን ለመረዳት የአንድ ንግድ ቤት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ይበቃል። መዝገቡን የሚይዝ ጸሐፊ ደብዳቤውን ሁሉ አይከፍትም፤ እንዲከፍትም አይፈቀድለትም። ሆኖም ከጅቡቲ አስተላላፊው የሚመጣው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደ ሆነ፣ የባንኩ መግለጫ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ለጉምሩክ የሚጻፈው በማን ፊርማ እንደሚወጣ ያውቃል። አንድ ቀን ዕቃ ጠባቂው ቀድሞ ተጻጽፎት ለማያውቀው የውጭ አገር ድርጅት ሦስት እሽግ ደብዳቤ ቢልክ፣ ጸሐፊው አንዲት ቃል ሳያነብ ነገሩ እንግዳ መሆኑን ያውቃል። የመረብ ተመልካቾችም ሥራቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ ለብዙ ሳምንታት ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሚለዋወጥ ይመዘግባሉ። ከዚያ ወዲያ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ መሣሪያ ቢመጣ፣ የሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተር ከማከፋፈያ ጣቢያ ጋር ሊነጋገር ቢሞክር፣ ወይም አንድ ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ሳለ በስሙ ሌሊት በ8 ሰዓት የተገባ ቢሆን ያስጠነቅቃሉ።

ይህም ሲደረግ መሣሪያዎቹ መነካት የለባቸውም። በጣቢያዎቹ ያሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው፤ ያልለመዱት ጥያቄ ቢቀርብላቸው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ብልኅ ተመልካች አይጠይቃቸውም። የሚያልፈው መልእክት ሁሉ ለእርሱም ግልባጩ እንዲደርሰው ያደርጋል፤ በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ ለሚመለከተው» እንደሚባለው ነው።

ግልባጩን ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ የሁለተኛው ዓመት አደጋ በይበልጥ ያስረዳል። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኪየቭ ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ታላቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ጠፋ፤ በዚያ ሰዓት ዋና ከተማይቱ ከምትጠቀምበት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉ ለአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ቀስት የሚያንቀሳቅስ ሰው አላስፈለገም። ኋላ «ኢንዱስትሮየር» የሚል ስም የተሰጠው ፕሮግራም፣ ጣቢያዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን የራሳቸውን ቋንቋ ተምሮ ነበር። ማቋረጫው የደረሰው ትእዛዝ በሰዋስው ረገድ አንዳች ስሕተት የሌለበት፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ነው። በቃሉ ብቻ ቢመረመር ሐሰተኛ መሆኑ አይታወቅም። የሚያስታውቀው ማን እንደ ተናገረው፣ በምን ሰዓት እንደ ተናገረውና በተከታታይ ስንት ጊዜ እንደ ደጋገመው ነው። የታወቁ የቫይረሶችን ስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ለዚህ ምንም አይረባም። በመጋቢት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ያው ፕሮግራም ተሻሽሎ በዩክሬን ጣቢያዎች ላይ እንደ ገና ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የአገሩ ጠባቂዎችና አጋሮቻቸው ደርሰውበት፣ የታሰበው ጥፋት ሳይፈጸም ቀረ። በሰባት ዓመት ውስጥ የተማሩት ትምህርት ዋጋውን አስገኝቷል።

አሜሪካኖች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት በሕግ ተጽፏል። የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን በጥር 2015 ዓ.ም. ባወጣው ትእዛዝ፣ ታላላቆቹ የኃይል ተቋሞች ከቅጥራቸው በውስጥ ያለውን መረብም እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ደንብ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ እስከዚያ ጊዜ የነበረው ደንብ አብዛኛውን የሚመለከተው ቅጥሩን ነበርና። ኮሚሲዮኑ በምሳሌነት ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ለአስመጪዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ሶላርዊንድስ የተባለ የታወቀ የአሜሪካ ድርጅት፣ መረብ ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ደንበኞች ይሸጥ ነበር። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አጥቂዎች ወደ ድርጅቱ ወርክሾፕ ገብተው በፕሮግራሙ ማሻሻያ ውስጥ መርዝ ጨመሩበት። ማሻሻያው የድርጅቱ ማኅተም ተመትቶበት ወጣ፤ ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞችም በእምነት ተቀበሉት። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር፤ ሻጩም እውነተኛ ነበር። ዕቃው ብቻ የተበከለ ነበር።

ታዲያ በምን ታወቀ? አንድ የጥበቃ ድርጅት፣ ከሠራተኞቹ በአንዱ ስም ሁለተኛ የእጅ ስልክ ተመዝግቦ አየ። ጠባቂዎቹ ሰውዬውን ጠርተው «ይህን ስልክ ያስመዘገብከው አንተ ነህን?» ሲሉት «አይደለሁም» አለ። ከዚህች ትንሽ ጥያቄ ተነሥተው ነው እስከ ምንጩ የደረሱት። ጠያቂው ያን ቀን ሥራ በዝቶበት፣ «አዲስ ስልክ ገዝቶ ይሆናል» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ነገሩ ምን ያህል ጊዜ ተሸፍኖ ይቆይ እንደ ነበረ ማን ያውቃል።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው «የኢትዮጵያ መሥመር ገና በእጅ የሚሠራ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው አደጋ አይደርስበትም» የሚል ነው። ይህ አሳብ ጊዜው እያለፈበት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ የሚሄደው የ500 ኪሎቮልት መሥመር፣ በሁለቱ ጫፍ ባሉት የመለወጫ ጣቢያዎች ያለ ኮምፒዩተር ለአንዲት ደቂቃ አይሠራም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም እንዲሁ ነው። የመብራት ሒሳብ በእጅ ስልክ ይከፈላል። አስመጪዎች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት ለሚያስገቧቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የሚተከለው መሙያ መሣሪያም ከመረብ የሚገናኝ ነው። ይልቁንም የዩክሬን ታሪክ ለእንዲህ ያለ አገር የሚነግረው ሌላ ነገር አለ፤ የእጅ ሥራው አዲሱ መሣሪያ በመጣ ጊዜ እንዳይረሳ ነው። ማቋረጫ በእጁ መልሶ የማያውቅ ወጣት ቴክኒሽያን በጨለማ ሌሊት ወደ ጣቢያ ቢላክ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው መቃወሚያ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ያለ ነገር ይጮኻል የሚል ሲሆን፣ ይህ እውነት አለበት። መብረቅና ነፋስ ሲበዛ ከጣቢያዎቹ የሚመጣው ማስታወቂያ ይበዛል፤ አንድ ተራ ጥገና ሳይነገር ቢደረግም መሣሪያው ይጮኻል። በቀን አምስት መቶ ጊዜ የሚጮኽን ውሻ ማንም አይሰማውም። መድኃኒቱ ግን ውሻውን መግደል አይደለም፤ ጥገና የሚያደርገው ክፍል አስቀድሞ ለተመልካቹ እንዲነግር ማድረግ፣ ተመልካቹም መሥመሩን የሚያውቅ ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። ኮምፒዩተር ብቻ የሚያውቅ ሰው መብረቁን ከሌባው አይለየውም፤ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያውቀውም ሌባውን ከመብረቁ አይለየውም። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው፤ ደመወዙም ከፍ ያለ ነው።

ወጪው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛውና ብርቱው መቃወሚያም ይኸው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በመሄድ ላይ ነው። ባለወፍጮው፣ ሥጋና ወተት በማቀዝቀዣ የሚያኖረው ነጋዴ፣ ቡና የሚያበጥረው ላኪ ሁሉ በየወሩ ይሰማዋል፤ ቢያጉረመርምም አይፈረድበትም። ግን አንድ የሥጋ ነጋዴ በአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት የሚያጣውን ሒሳብ ሠርቶ ቢያየው፣ ከሚከፍለው ታሪፍ ጥቂቱ ለሌሊት ተመልካች ደመወዝ መዋሉን አይጠላም ነበር። የሚገባው ማጉረምረም ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ሲገዛ ለተመልካቹ ግን አንዳች ሳይቀርለት እንደ ሆነ መጠየቅ። ንግድ ምክር ቤቱ ከኃይል ድርጅቶች ጋር ሲነጋገር፣ ጥበቃው እንዴት እንደሚደረግ ምስጢሩን እንዲነግሩት አይጠይቅ፤ ሌባውም ይሰማልና። ነገር ግን «በሌሊት መዝገቡን የሚያነብ ሰው አለን? በእጅ መሥራትስ በዓመት ስንት ጊዜ ይለማመዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ለደንበኛ የሚገባ ጥያቄ ነው።

አስመጪዎች ግን የሌላውን ጓሮ ከመመልከት በፊት ወደ ራሳቸው መጋዘን መመለስ አለባቸው። የፀሐይ ኃይል መለወጫ፣ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ፣ ከሩቅ የሚነበብ ቆጣሪ በየቀኑ ይገባል፤ ይሸጣልም። ብዙዎቹ ፋብሪካው ከሩቅ ሆኖ የሚገባባቸው በር አላቸው፤ ከፋብሪካ ሲወጡም ለሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የታተመ የይለፍ ቃል ይዘው ይመጣሉ። ያንን ቃል ሳያስለውጥ ለሆቴል ወይም ለፋብሪካ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃውን ከነቍልፉ ሸጦ፣ የዚያኑ ቍልፍ ግልባጭ ደግሞ በገበያ መካከል እንደ ጣለው ነው። ገዢው አያውቅም ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ሻጩ ያውቃልና።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲጠየቅ በዚያው ደብዳቤ ላይ ጥቂት ጥያቄ መጨመር ብዙ ቀለም አይጨርስም። መሣሪያው ከፋብሪካው ጋር በራሱ ይነጋገራልን? የሚነጋገር ከሆነ ከየትኛው አድራሻ ጋር፣ በምን ሰዓት? ገዢው ያን በር ሊዘጋው ይችላልን? ወደ መሣሪያው ማን እንደ ገባ የሚጽፍ መዝገብ አለውን? መዝገቡስ ስንት ቀን ይቆያል? ደኅና ፋብሪካ ለዚህ መልስ አያጣም። «የድርጅቱ ምስጢር ነው» ብሎ የሚመልስ ቢኖር ትእዛዙን ለሌላ ማስተላለፍ ይሻላል፤ ኤል ሲ ከተከፈተ በኋላ የሚጻፍ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ ወዲያ ነው።